ጉርጥ አሻጋሪዎች

ቀኑን ሲዘንብ ውሎ፣ ማታ ብርዱ ሲላላ፣
በኮረብታው ግርጌ፣ ከግንድ ስር፣ ከድንጋይ ኋላ፣
የበረዶውን ወራት ተቀብሮ የከረመ
ጉርጥ ዐይኑን ገልጦ ለጉዞ ቆመ።
ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳይነግረው፣
ወደ ተወለደበት ኩሬ ነው እግሩ የሚያዞረው።
በእርሱና በኩሬው መካከል ግን
መንገዱ አለ።
አስፋልቱ ሲነጠፍ ጉርጥን ማን አማከረ?
ኩሬው ከመንገዱ በፊት ነበረ።

እኛ ስድስት ነን፤ አንዳንዴ ሰባት፣
የኔስታ ልጅ ፈተና ከሌለባት።
ኔስታ የጥርስ ሐኪም፣ ግዊሊም ጣሪያ ሠሪ፣
ማሬድ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር የቀራት አስተማሪ።
አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰን፣ ባልዲ አንጠልጥለን፣
ትኩስ ራታችንን በየቤታችን ጥለን
እንሄዳለን ጎንበስ ቀና፣
ሳንቲም እንደ ጣለ ሰው በጎዳና።
ጉርጥ ሲይዙት ቀዝቃዛ ነው፤ እፍኝ ሙሉ ጭቃ፣
ልብ ብቻ ያለው፣ ድው ድው የሚል ጭቃ።
ወንዱ ሴቷ ጀርባ ላይ ተፈናጦ ይመጣል፤
ማሬድ «ቲኬት ቆርጠሃል?» ትለዋለች፤ እርሱ ዝም ይላል።

በመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ስናልፍ፣ «ሥራ ፈቶች መጡ!
ሰው ሲቸገር ጉርጥ አዝለው ሊሮጡ!»
ሰው መቸገሩስ እውነት ነው፤ ክሊኒኩ ተዘግቷል፣
አውቶቡሱም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል።
መልስ የለንም። ባልዲያችንን ይዘን እናልፋለን።

በመጋቢት መባቻ አንድ ሽማግሌ መጣ፣
ከሩቅ ቆሞ አየን፤ ቃል ከአፉ ሳይወጣ።
ኢድዋል ነበር፣ የአውቶቡሱ ሹፌር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ማታ ማታ በዚህች መንገድ ሲበር።
በሦስተኛው ሌሊት ባልዲ ይዞ ወጣ ከራሱ ቤት፣
ቀለም የደረቀበት፣ እጀታው በሲባጎ የታሰረበት።
ጎንበስ ልበል ቢል ጉልበቱ እምቢ አለው፤
እኔ ለቃሚ፣ እርሱ ባልዲ ያዥ፤ እንዲህ ተካፈልነው።

ኩሬው ዳር ስንደርስ ባልዲውን ዘንበል አደረገና
«ያ ድምፅ» አለኝ፣
«በዝናብ ሌሊት፣ ከጎማው ስር፣
ጧ... ጧ... የሚል ነበር።
እርጥብ ቅጠል ነበር የሚመስለኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅጠል ነው ያልኩኝ።»

ምን ልበለው? «ጨለማ ነበር» አልኩት።
ሌላ መልስ አልነበረኝም፤ ያለኝን ሰጠሁት።
የሰማኝ አይመስለኝም።
አንድ ባንድ ወደ ውኃው ሲወርዱ
በዌልስኛ፣ በሹክሹክታ ይቆጥራቸው ነበር፣
መጨረሻው ፌርማታ ላይ እንደሚያወርድ ሰው
«ደረስን፣ ደረስን» እያለ።

ማሬድ ደብተር አላት፣ በዝናብ ያበጠ፣
ጠርዙ የተላጠ።
የዛሬ ስድስት ዓመት፦ ሁለት ሺህ አንድ መቶ።
አምና፦ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ።
ዘንድሮ፣ እስከ ትናንት ማታ፦ አራት መቶ አስራ ሁለት።
ለምን እንደሚያንስ ኔስታ ታውቃለች፤ እኔም።
እርሻው ላይ የሚረጨው፣ ያለ ወጉ የሚሞቀው ጥር፣
ባልዲ የማይችለው ስንት ነገር።
ስለዚያ ግን መንገድ ላይ አናወራም፤
እጃችን ሥራ ይዟል።

ትናንት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ግንድ የጫነ መኪና መጣ፣
መብራቱ ኩርባውን ገምሶ ወጣ።
አንዲት እንስት ነበረች መሀል አስፋልት ላይ፣
ዝም ብላ የተቀመጠች፣ ዝናብ እየወረደባት ከሰማይ።
ኢድዋል ያን እምቢተኛ ጉልበቱን እየጎተተ
መሀል መንገድ ገባ፤ መዳፉን ወደ መብራቱ ከፈተ።

መኪናው አቃሰተ፣ ተንሸራተተ፣ ቆመ።
ሹፌሩ መስኮቱን አወረደ፤ ሊሳደብ ነው፣ አፉን አየሁት።
ኢድዋል ግን ቀደመው፦
«አንዴ ታገሠኝ ወንድሜ፣
አንዲት ተሳፋሪ ቀርታኛለች።»

ዝናቡ አላባራም።
ማሬድ የእርሳሷን ጫፍ በምላሷ ነካ አደረገች፦
አራት መቶ አስራ ሦስት።