የመዳብ ጆሮ

ቫልጋ ላይ ሲበርድ፣ ኡርማስ በጋራዡ
የመዳብ ቧንቧ ጫፍ ጠፍጥፎ፣ በስቶ፣
በብሎን አሰረው ከሞተሩ ጉያ።
የጎማ ቱቦ ቀጠለ፤ ከዛፍ ቆራጭ ጎረቤቱ
የጆሮ መሸፈኛ ተዋሰ።
"በአሥራ አንድ ዩሮ
ይኸው ሠራሁለት ለአሮጌው ቮልቮ ጆሮ!"

የእርሱንስ ጆሮ ሞተሮች በልተውታል፤
ከቀጭን ድምፅ ጋር ድሮ ተለያይቷል።
ለልጁ ለሌሎ አጠለቀላትና
ነዳጅ ረገጠ።

"አሁንስ?"
"ምንም።"
"አሁንስ?"
ጣሳ ውስጥ ጠጠር፦ ቅጭል፣ ቅጭል።
አባቷ ግን ፈገግ ብሏል፤
እንዲህ ካየችው ቆይቷል።
"ምንም" አለች።

ድልድዩን አልፈው ጣቷ ተነሣ።
"ያንኳኳል።"
ቆመ። ብልጭታውን በአንድ ዲግሪ አዘገየ።
"ከድልድዩ በፊት ነበር" አላት።
"እንዴት አወቅህ?"
"ፊትሽ አንኳኳ።"