አንድ ክንድ ባሕር

ጎንደር፣ አዘዞ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣
ጨው በጥብጬ ሠራሁ አንድ ክንድ ሙሉ ባሕር።
አንበሳ ዓሣ አለኝ፣ ክንፉን የዘረጋ፣
እሾሁ መርዘኛ፣ ዓይኑ የማይዘጋ።

ውባንቺ ተቆጣች፦ «ሦስት ሺህ አውጥተህ፣
ሰማያዊዋን ዓሣ ለሱ ጉርሻ ሰጠህ?»
«መቼ ሰጠሁት?» አልኩ። እውነት ነው፤ አልሰጠሁም።
በአንድ ውኃ ከተትኳቸው፤ ሌላ አላደረግሁም።

ማታ መብራት ሄደ፤ ፓምፑን ጨለማ ዋጠ፤
ስንጥቡን ከፍቶ ዓሣው ወደ ላይ አፈጠጠ።
ጣሳ አነሣሁና፣ እየቀዳሁ ከላይ
እመልሳለሁኝ አረፋ እስኪታይ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክንዴ ዛለ፤ ያኔ
ውባንቺ ተነሥታ፣ «አምጣው» አለች፣ «ለእኔ»።

ጎሕ ሲቀድ መብራት መጣ።
ዳነ፤ ወደኛ ቀርቦ
የውባንቺን ጣት አየ፣
አፉን ከፍቶ፣
ተርቦ።