ስሙ ሲጠራ

ሲቤ ፎቶ አነሳ፤ እጁ ተናወጠ፤
ወፉ ከነጭራው ወደ ጉም ሰመጠ።
ሆዱ መስመር መስመር፣ ጀርባው አመድ መሳይ፤
ሌላው ቅርንጫፍ ነው፣ የቀረውም ሰማይ።

በቴክሰል ወደብ ላይ ጀልባ ሲጠብቁ
ጓደኞቹ ስልኩን ከእጁ ነጠቁ፣
በአውራና ሌባ ጣት ጉሙን ሊፈለቅቁ።

"ጭልፊት ነው" አለች ሂልኬ፣ መድኃኒት ቀማሟ፤
"ዓይኑም እግሩም ቢጫ"፤ አልላላም አቋሟ።
"ዋኖስ ቢሆንስ?" አለ ማርትም እየፈራ።
ተሳቀ፤ ለዋኖስ ማን ሰጠው ያን ጭራ?

ትሬይን ግን ዝም አለች፣ አግዳሚው ጥግ ላይ፣
ሰባት ዓመት ሆኗት የሰው ፊት ሳታይ።
መልኩን ሲተርኩ አንዴም አልጠየቀች፤
ኋላ ቀና ብላ "ምን አለ ወፉ?" አለች።

ሲቤ አቀረቀረ። ፎቶ አፍ የለውም፤
ጫካ የሰማውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።
መዳፉን አጣምሮ ያ ጢማም ጎልማሳ
በሰው ፊት ሁለት ድምፅ ከጉሮሮው አነሳ፦

ኩ-ኩ።
ኩ-ኩ።

ትሬይን ሳቀች፦ "ዓይናችሁ ደከመ ሳትሰሙት ኖሮ፤
እሱማ ስሙን ጠርቶ ጨርሷል ድሮ።"

ጀልባው ደረሰ። ሂልኬ አሁንም ስልኩ ላይ፦
"ግን እግሩ ቢጫ ነው'ኮ... እስቲ አንዴ ልይ።"