ስድስት ለባዶ

ከቦርከና ማዶ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ጓሮ፣
አንድ የቴኒስ ሜዳ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ፣
መረቡን የሐይቅ ዓሣ አጥማጅ የጠገነው፣
መስመሩን በየቅዳሜው በኖራ የምናድሰው፤
ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከሐርቡ ሲነሳ
ኳሷ ካሰብነው ውጭ ሌላ ጉዳይ የምታነሳ።

እዚያ፣ ለማጣሪያው፣ አራት ሆነን ቀረን፤
እኔ ከመጋዘን፣ ሙሄ ከሽመናው፣
ደርብ ከፈተሉ፣ አራጋው መምህሩ።
«ጥሎ ማለፍ ይሁን» አለ አንዱ፤ እምቢ አልን።
ጥሎ ማለፍማ ስሙም ደስ አይልም፣
ሰው ጥሎ የሚያልፍ ዞሮ አያይም።
ደግሞስ አንድ ክፉ ቀን፣ አንድ የዞረ ጅማት
የዓመቱን ልፋት ለምን ያግባው ከመሬት?
ዙር ይሻላል አልን፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር፣
እንደ ዕቁብ ነው ዙር፤ ማንም አይቀር ከዳር።

(የዕቁቡን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይመዝገብልኝ።)

ሙሄን ስድስት ለሁለት ጠዋት ላይ አሸነፍኩ፤
ማታ በአራጋው ስድስት ለሦስት ተሸነፍኩ፤
አራጋውን ደግሞ ሙሄ ሰባት ለአምስት ረታ፤
እንደ ቀለበት ሆንን፣ ማን ነው የማን ጌታ?

ቀሪው ደርብ ነበር።
ደርብን ለመርታት እኔ ያልሆንኩት ምን አለ?
ሰባት ለስድስት ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍሬ ተነቀለ።
አራጋው ስድስት ለአንድ፤ ደርብ ከሌሊት ተራ ወጥቶ
አንዷን ኳስ ሁለት እያያት፣ የሌለችውን መትቶ።
የሙሄ ቀን ሲደርስ ደርብ አልመጣም፤
አጎቱ ሞተው ተሁለደሬ ሄዷል።
ማን ምን ይላል? ለቅሶ ከዋንጫ ጋር አይመዘንም።
ደንቡ ግን አንድ መስመር ነው፤
ያልመጣ ተሸንፏል፣ ስድስት ለባዶ።
ሙሄ ወንበር ላይ ብርቱካን ሲልጥ
ስድስት ጌም መጣለት፣ እንደ መና ወርዶ።

እትዬ ጦይባ፣ የደመወዝ ክፍሏ፣ እርሳሷን ልሳ
ደመረች፣ ቀነሰች፣ አንዴም ሳትሳሳ፤
አራጋው ስድስት ትርፍ፤ ሙሄ አራት፤ እኔ ሁለት።
«ሁለት ሰው ነው የሚያልፍ» አለች፣ እንደ ደመወዝ ቅጣት።

«ደርብን አውጪውና ሦስታችንን ቁጠሪ፤
እኔና አራጋው በአንድ አንድ እንተርፋለን፣
ሙሄ የሁለት ዕዳ አለበት። ደምሪ!»

ቀና ብላ አየችኝ።
«ደርብን ከሰረዝኩ ያንተም ሰባት ለስድስት ይሰረዛል፤
ጥፍርህንስ የት አባቴ ላድርገው?»

ዝም አልኩ።
ምሳዬን አልበላሁም፤ ጥፍሬን ግን አላሰረዝኩም።

ዋንጫውን ሙሄ በላ። ማግስቱን ተሰብስበን
ተሁለደሬ ወረድን፤ ከድንኳኑ ገብተን
አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ አራጋው፣ ሙሄ፣ እኔ፤
ስለ ኳስ ማንም አላነሳም።
ደርብ ውሃ አስታጠበን። እጁ ላይ፣ ራኬቱ የሚያርፍበት፣
የኛው ዓይነት መጅ ነበረ።

በስምንተኛው ቀን፣ ገና ጤዛው ሳይነሳ፣
ስጠራ ወጣሁ። ሙሄ ኳስ ይዟል፤
ዋንጫው ቤቱ፣ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።
«ያልተጫወትናት አንዲት አለች» አለኝ፣
«አንተ ቁጠር።»
ከፍ ያለችው ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ቀዝቅዛለች።

ሦስት እኩል። አምስት እኩል።
የጭነት መኪኖች ሐረጎን ሲጀምሩ
ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማል፤
ስድስት እኩል።

ደርብ ኳሷን ሁለቴ አነጠረና
ወደ ላይ አየኝ፤ «ስንት ለስንት ነን?»
አውቀዋለሁ፤ ቆጥሬአለሁ። ግን ትንሽ አቆየሁት፣
ሙሄ እያላበው ነበራ፣
ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ።