ጤነኛ ነው

ኮልካታ፣ ቻንድኒ ገበያ፣ ከደረጃው ሥር፣
ሁለት ሰው ከመጣ አንዱ ደጅ የሚቀር፣
ከጣሳ ውስጥ ብሎን፣ ካይኔ ላይ መነጽር፤
ይህች ናት ሱቄ።

እመት ሆይሞንቲ ወንዙን ተሻግረው፣
ከሃውራ በጀልባ፣ በዝናብ መጥተው፣
ላፕቶፑን ከላስቲክ፣ ከፎጣ ፈተው፣
"ይተኛል" አሉኝ።
"እንዴት ነው ሚተኛ?"
"ስጽፍ ስጽፍ ቆይቼ፣ ከነገሩ መሐል፣
በክርክር ሰዓት እንዳንጎላጀ ዳኛ
ጭልም ይላል በቃ። ስነካው ይነቃል። ደግሞ ያሸልባል።"

ዳኛ ያውቃሉ እሳቸው።
ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ከፍርድ ቤት ደጃፍ፣
ከጃንጥላ በታች የሰው ብሶት ሲጻፍ
ታይፑን የመቱ ናቸው፣ ፊደል ሳይዛነፍ።
ዛሬም ለጎረቤት፣
ለጡረታ ጉዳይ፣ ለውሃ ቆጣሪ፣ ላጥር ድንበር ሙግት፣
ማመልከቻው ሁሉ የሚወጣው ከሳቸው ቤት።

ከፈትሁት። አሥራ አንድ ብሎን። አቧራ አራገፍሁ፣
የሜሞሪውን ጥርስ በላጲስ ፈተግሁ፣
ከፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀ ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣
ባትሪውን ነቅዬ ቮልቱንም ለካሁ፣
ሃርድ ዲስኩን ስፈትሽ ካጠገቡ አደርሁ።
እኔ አንቀላፋሁ እንጂ እሱስ ዓይኑን አልከደነ።
መዝገቤ ላይ ጻፍሁ፦ "ጤነኛ ነው።"

በሳምንቱ መጡ። ዝናቡም አብሮ መጣ።
ቻርጀሩን ለወጥሁ። ማዘርቦርዱን ባስስ
የተቃጠለ የለ፣ የዛገ የለ፣
የላላ ሽቦ እንኳ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ድረስ።
"ጤነኛ ነው።"

ሦስተኛ ሲመጡ ረዳቴ ሹብሮ ሳቀ፣
ከጀርባቸው ቆሞ፣ ጣቱን በጭንቅላቱ ዙሪያ እያሽከረከረ።
አየሁት። ዝም አልሁ።
እሳቸውም አዩት መሰለኝ፣ በመስታወቱ።
"የኔ ልጅ" አሉኝ፣
"ሐኪሞቹም ለዚህ እጄ እንዲሁ ነው ያሉት፤
ራጅ አነሡ፣ ደም ቀዱ፣ ሦስቴ አመላልሰው
'ጤነኛ ነው' አሉት።
ሌሊት የሚቆረጥመው ግን እኔን ነው።"
ሂሳቡን ቆጠሩ። ተቀበልሁ።

እሑድ ጀልባ ያዝሁ።
ሶኬቱን ለካሁ፣ ጠረጴዛውን ነቀነቅሁ፣
ማራገቢያውን አጥፍቼ መልሼ አበራሁ፤
ደህና። ሁሉ ደህና። "እስኪ ይጻፉ" አልሁ።
መነጽራቸውን ወልወል፣ ወገባቸውን ቀና፣
ሁለት መዳፋቸውን ቀስ ብለው አሳረፉና፣
"ይድረስ ለተከበሩ…"
ድርግም።

ያኔ አየሁት አንጓቸውን፦
ጥቁር አምባር፣ ማግኔት የተደረደረበት፣
ቁርጥማት ይነቅላል ተብለው የገዙት።
"ስወጣማ አወልቀዋለሁ፤ ጀልባው ላይ ሌባ አለ።"

ከግራ መዳፋቸው ሥር፣ ከፕላስቲኩ ወዲያ፣
ምስር የማታህል ሴንሰር አለች፣ የክዳን ጠባቂ።
ማግኔት ሲቀርባት በሩ የተዘጋ ይመስላታል፤
"መሽቷል" ትላለች፤ ቤቱ ሁሉ ይተኛል።
ሦስቴ በሱቄ ነቅቶ፣ ሦስቴ በቤታቸው ያሸለበው
ታዞ ነው።

"እንግዲያ አምባሩን ላውልቀው?"
"የለም" አልሁ። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ሴንሰሯን ነቀልሁ።
"ከእንግዲህ ግን እመት፣ ክዳኑን ቢዘጉትም
በራሱ አይተኛልዎትም።"
"እኔስ መቼ ተኝቼ" አሉና
"ለተከበሩ" ካሉበት ቀጠሉ።

ሰኞ አንድ ወጣት መጣ፣ ላፕቶፑን አኖረ፦
"ጎረቤቴ ሲዘፍን ብቻ ነው የሚጠፋው።"
ሹብሮ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል
"ወንበር አምጣለት" አልሁት።