ጨው መላሽ

ቀን ከባሕር ውኃ ጨው ሲነጠል ውዬ፣
ማታ ጨው ልገዛ ወጣሁ ተቻኩዬ።
ፋብሪካው አሽቀሎን ከባሕሩ ጥግ ነው፤
የቧንቧውን ግፊት እዚያ ነው የምጽፈው።
አገር ሙሉ ጠምቶት ጨው አልባ ሲጠጣ፣
ከኦዴያ አፍ ግን ሌላ ጥያቄ ወጣ፦
«አባ፣ ባሕር ግዛልኝ። ትንሽ። በመስታወት።
ብርቱካንማ ዓሣ፣ ሦስት ነጭ መስመር ያለበት።»
ዐሥራ ሁለት ሊሞላት ቀርቷታል ሁለት ወር፤
ስምንት መቶ ሸቀል ነው ያለኝ የሚቆጠር።

ማክሉፍ መደርደሪያውን አሳየኝ በተራ፤
አንዱ እንደ ባልዲ ነው፣ ክዳኑ የሚያበራ፣
በሆዱ ስፖንጅ፣ ከሰል፣ የሸክላ ስባሪ፤
«ሁሉን ይጠርጋል» አለኝ፣ «አንደኛ አጣሪ!»
ስድስት መቶ ሃምሳ። ቀሪው መቶ ሃምሳ፤
ለጨው የማይበቃ፣ ለመብራት፣ ለዓሣ።
አጠገቡ ቆሟል፣ ረዥም፣ ብርሌ መሳይ፣
ውኃውን አናፍቶ አረፋ የሚያሳይ።
«ይኸስ?» «አረፋ ሠሪ፣ እድፉን ላይ የሚያወጣ።»
ዋጋውን ሳነበው ላቤ ነው የመጣ።

ከኛ በላይ ያለው ሽማግሌው ግሪሻ፣
ሠላሳ ዓመት ዓሣ ያኖረ እስከ መጨረሻ፣
ደረጃ ላይ አግኝቶኝ ሰማና ሐሳቤን፣
በተሰባበረ ዕብራይስጥ ዘጋልኝ ኪሴን፦
«ባልዲውን እርሳው። ቆሻሻ ያጠራቅማል፤
ሳምንት ከዘነጋኸው ራሱ ይመርዛል።
አጣሪው ድንጋይ ነው። ሽንቁር ያለው ድንጋይ።
ነፍስ አለ በውስጡ፣ በዓይን የማይታይ።
ደረቁን በኪሎ ግዛ፤ ከኔ አንዲት ጉማጅ ውሰድ፣
እርሾ ትሁንህ፤ ነፍሷ ሌላው ላይ ይዋለድ።
ከዚያ ውኃው አይተኛ። ደህና ፓምፕ ካለህ…
ባሕርን የሚያጠራት ማዕበል ነው። ገባህ?»
ደግሞ ሳል ቢጤ ሳቀና፦ «አረፋ ሠሪዬ አርጅቷል፤
መቶ ሃምሳ ስጠኝ። ይጮኻል፣ ግን ይሠራል።»

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባል ነበር ቤታችን፤
«ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» — መቋጫው ተረታችን።
ተረቱ እዚህ ተሰበረ፤ ድንጋይ የተባለው
ከጨው ጋር ገንዳ ገብቶ፣ ቤቱን አንጺው እሱ ነው።

ገንዳው የመንገድ ሲሳይ፣ ጎኑ የተጫረ፤
ድንጋዩ ሁለት መቶ (ማክሉፍ እያማረረ)፤
ፓምፕ ዘጠና፣ ጨው መቶ፣ ለግሪሻ መቶ ሃምሳ፤
ሁለት መቶ ስድሳ ተረፈ — ለመብራት፣ ለዓሣ።
ፈንታነሽ ሳቀች፦ «ድንጋይ በኪሎ ገዛህ?
እኛ አገር በነጻ ነው፣ ያውም ተወርውሮልህ!»

ስድስት ሳምንት ሙሉ ዓሣ የሌለው ገንዳ።
ኦዴያ ከፊቱ ቁጭ፣ እንደ ቀደመ እንግዳ።
«መቼ ነው የሚገቡት?» «ውኃው ሲጣራ ነው።»
«ማነው የሚያጣራው?»
                  ዝም አልኩ። ያስቆመኝ ቃሉ ነው።

ጎንደር፣ ግቢው ውስጥ፣ ስማችን ሲጣራ፣
ዘራችን ሲቆጠር በፋይል በተራ፣
ዓመት ዓመትን ወልዶ፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ፣
ዛሬ ይወጣል ስትል ዝርዝሩ ሳይወጣ፣
እናቴ ስትጣራ
ሳትጠራ ቀረች።

ለልጄ ይኼን አልነገርኳትም።
ጠርሙሷን አንሥቼ ጠብታ ጨመርኩበት፣
«እይ፣ ገና አረንጓዴ ነው። ቢጫ ይሁን፣ ቆዪበት።»

ሌሊት አረፋ ሠሪው እንደ አዛውንት ሲያጉረመርም፣
ጽዋውን ልደፋ ነቃሁ፤ ጥቁር አተላ፣ የሚከረፋ፣ ወፍራም።
ከጥርት ውኃ ውስጥ ይኼ ሁሉ የት ነበር?
እያልኩ ቆሜ ሳለሁ በመስኮቱ ብርሃን ዳር፣
ነቅታ ኖሮ ኦዴያ፣ ጣቷን ከመስታወቱ ለጥፋ፦
«አባ! ቀንድ አውጣ! ይቺውልህ፣ ጤፍ የምታክል!
ማነው ያስገባት?»

ከግሪሻ ድንጋይ ሽንቁር ወጥታ፣
ግድግዳውን ትልሳለች፣ ቀስ ብላ፣ ዘና ብላ፣
ቤቷን ተሸክማ።

«ማንም» አልኳት። «ማንም አልጠየቃት።
ከድንጋዩ ጋር መጣች።»