ሦስት በአምስት

ዓርብ ነው፤ ከዚራ ላይ ፀሐይ ብትጠልቅም
ግድግዳው የዋለበትን ሙቀት ገና አይለቅም።
እማማ ምድጃዋን ወደ ግቢ አውጥታ
ሽንኩርት ታቁላላለች፣ በዘይት፣ በእርጋታ።
ካሮቱ ከሐረማያ፣ ገበያው ቀፊራ፤
ቲማቲሙን አንድ በአንድ ጨብጣ፣ ተከራክራ፣
ባለ ጉልቷን በኦሮምኛ አኩርፋ፣ በሶማልኛ አስቃ፣
ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት በምራቂ ነጥቃ።

ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፤ ጾም ነውና ቤቱ፤
ግን በሶብላው ሲበተን አጥር ዘሎ ሽቱ፣
እትዬ ዘሃራ ሳቅ ይዟት ከማዶ ትላለች፦
"አቦ፣ እናንተ ጾማችሁ የምወፍረው እኔ!"
የራሷን ሹካ ይዛ ትመጣለች።

ፓስታው ውሃ ይገባል አዛኑ ሲጀምር፤
ይወጣል ሰጋጆች ጫማቸውን ሲያጠልቁ።
በሌላ ሰዓት የቀቀሉ ይታወቃሉ፤
ወይ በጥሬው በሉ፣ ወይ በሙጫ ታነቁ።

ሳህኑ ሳይነሳ ዶሚኖው ፈሰሰ፤
ዝምድና የሚባል ነገር እዚያው ላይ ፈረሰ።
እማማ፣ ለዓለም ሁሉ ምሕረት የምትለምን፣
ስድስት በስድስቷን ከያዘች አታውቀንም እኛን።
"ማሪኝ" ቢላት ኢዮ፣ የማሕፀኗ ፍሬ፣
"ማታ ጸሎት ላይ ና፤ ሥራ ላይ ነኝ ዛሬ!"

ሕጉ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ያረረውን ድስት ያጥባል።
የአባባ እጅ ግን ድስት አያውቅም።
ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በአሮጌ የባቡር ቲኬት ጥራዝ ጀርባ
ነጥባችን ተጽፏል፤ በእሱ ስም ሥር አንድም ሽንፈት አልገባ።
ድልነሳው ነው ስሙ። እናቱ ናት ያወጣችለት፤
"ስምን መልአክ ያወጣል" ይለናል፣ እየሳቀበት።

ከሃያ ስምንቱ ጠጠር አንዷን፣ ሦስት በአምስቷን፣
ኢዮ በዳዴ ዘመኑ ቦይ ውስጥ ከቷት ነበር።
አባባ ያኔ ከለገሃር ይዞ መጣ
የሐዲድ እንጨት ቁራጭ፤ ሲሞርድ፣ ሲሞርድ አደረ፤
ስምንቱን ነጥብ በጋለ ምስማር ጠበሰ።
ጥቁር ናት። በጀርባዋም ትታወቃለች።
የደረሰችው ሰው
ሱሪው እንደ ወለቀ ነው።

ዛሬ ለአባባ ደረሰችው።
ጽጌ ጫፉ ላይ አምስት ጣለች። ተራው የእሱ ነበር።
ጥቁሯን በአውራ ጣቱ ዳበሳት፤
አንገቱን ወደ ጠረጴዛው አሰገገ፤
አየ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደገና አየ፤
"አለፍኩ" አለ።

አምስት እጁ ላይ እያለ!

እማማ አየች። እኔም አየሁ።
እትዬ ዘሃራ ያለቀ ሹካዋን ላሰች።
ጽጌ ግን፣ ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ፣
የመጨረሻዋን ጠጠር ጠረጴዛው ላይ አጮኸች፤
"ድልነሳውን ድል ነሳው! ድልነሳውን ድል ነሳው!" እያለች
ግቢውን ዞረች፤ ድመቷ ከጣሪያ ወረደች።

አልተቆጣም። እጅጌውን ሰበሰበ፤
ድስቱን እንደ ፉርጎ ወደ ቧንቧው ሳበ።
ከታች የያዘውን ፓስታ በማንኪያ ፋቀ፤
"ሳሙናው የት ነው?" ብሎ በገዛ ቤቱ ጠየቀ።

እሱ ሲያጥብ ያቺን አምስት አነሳኋት፤
ነጥቦቿ ሟሙተዋል። የኛው ዘይታም ጣት
ዓርብ ዓርብ ሲዳስሳት
ነጭ በነጭ ሆናለች።
እንኳን ለሱ ዓይን፣ ለኔም ትቸግራለች።
"ስንት ናት?" ብሎ ቢጠይቅ እንነግረው ነበር።
እሱ ግን ከሚጠይቅ
ድስት ማጠብ ይቀለዋል።

ሌሊት፣ ሁሉም ፍራሹን ግቢ አንጥፎ ሲተኛ፣
የጽጌን ቀይ የጥፍር ቀለም ሰርቄ
ነጥብ ነጥቡን ቀባሁ፣ በባትሪ፣ ተደብቄ።
ጥቁሯን ብቻ ተውኳት፤
እሷን በጣቱ ያውቃታል።

ለርኅራኄ አይደለም። እሱ እዚህ ቤት የለም።
ዓርብ ይመጣል፤ ፓስታ ይቀቀላል፤
እያየ ይሸነፋል።